ጡረታን የሚያሰላው ኮምፒውተር ሕጉን ከማን ሰማ?

መርካቶ ውስጥ በሌላ ሰው ሚዛን ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ ነጋዴ የለም። ሰሊጥም ይሁን በርበሬ፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያይ፣ ለጆንያው ስንት እንደሚቀነስ ሳይነጋገር ገንዘቡን ቆጥሮ አይሰጥም። ይህ ጥርጣሬ ክፋት አይደለም፤ የገበያ ወግ ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ በየወሩ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ፣ የኋላ ኋላ በምን ሚዛን ተመዝኖ ለሠራተኛው እንደሚሰጥ ጠይቆ ያውቃል?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አልጠየቀም። መዋጮውን ከግብር ጋር እንደሚሄድ ሌላ ዕዳ ቆጥሮት፣ ከፍሎ ይገላገላል። ሠራተኛውም ከደመወዙ የሚቆረጠውን አይቶ ያማርራል እንጂ ስለ ስሌቱ አይጠይቅም። ስሌቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አስልቶ ይጨርሰዋል ብለን ትተነዋል።

ነገር ግን የዛሬው ሚዛን ብረት አይደለም። በወፍራም መዝገብ ላይ አጎንብሶ የሚደምር የሒሳብ ሠራተኛም አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ ደንብ ነው። በዓለም ዙሪያ ጡረታን፣ የሥራ አጥ ድጎማን፣ የልጅ ማሳደጊያንና የችግረኛ ድጋፍን የሚያድሉት፣ የባለጉዳዩን ፋይል ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው የሚይዙ ሶፍትዌሮች ናቸው። በአገራችንም የግብሩ፣ የመታወቂያውና የጡረታው መዝገብ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ደንብ ስሙ ፕሮግራም ይባል እንጂ ሥራው የሕግ ሥራ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ደንቡ በሰው ቋንቋ መጻፍ፣ የሚጸናበት ቀን መቆረጥ፣ በእውነተኛ ፋይል መፈተንና ለሚከፍለውም ለሚቀበለውም በይፋ መገለጽ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ነገርን ከሥሩ

ማንኛውም የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። ለዚህ ሰው ይገባዋል ወይ? ከተገባው ስንት ይገባዋል? ከመቼ እስከ መቼ? አንባቢያን እንደሚረዱት ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ደላሎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። «ሁለት ከመቶ» ብለው ተጨባብጠው ቤት ያሻሻጡ ደላሎች ኋላ የሚጣሉት በሁለቱ ላይ አይደለም። «ሁለት ከመቶ ከየትኛው ዋጋ? ውል ላይ ከተጻፈው ነው ወይስ በእጅ ከተከፈለው? ከሻጭ ነው፣ ከገዢ ነው ወይስ ከሁለቱም?» በሚለው ላይ ነው። የጡረታ ደንብም እንዲሁ ነው። መቶኛው ሁሌም አዋጁ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጠቡ ያለው «ከምን ላይ?» የሚለው ዘንድ ነው።

ምሳሌውን ከአዋጅ ቁጥር 715/2003 እንውሰድ። ይህ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛውን ወደ ጡረታ ሥርዓት ያስገባ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 ከመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 ከመቶ አያልፍም። 14 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 35 ከመቶ፣ ማለትም 2,800 ብር ያገኛል። እስከዚህ ድረስ የትምህርት ቤት ልጅም ያሰላዋል።

አሁን ፕሮግራም ጸሐፊውን እናስቀምጠውና እንጠይቀው። ሠራተኛው ያገለገለው 14 ዓመት ከ7 ወር ከሆነስ? ሰባቱ ወር ይጣላል፣ ይከፋፈላል ወይስ ወደ ዓመት ይጠጋጋል? በሦስቱ የመጨረሻ ዓመታት መካከል አራት ወር ሥራ ፈትቶ ከነበረስ፣ አማካዩ ለ36 ወር ይካፈል ወይስ ለ32? የመጓጓዣ አበሉ ደመወዝ ነው አይደለም? በሦስት ድርጅቶች ተዘዋውሮ የሠራና የአንዱ መዝገብ የጠፋ ከሆነስ?

የእነዚህን ጥያቄዎች ከፊል አዋጁ ይመልሳል፣ ከፊሉን መመሪያ ይመልሳል፣ ከፊሉ ደግሞ በቢሮ ልማድ ብቻ ሲሠራበት የኖረ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ልማድ አያውቅም። መልስ ካልተሰጠው አይሠራም። ስለዚህ አንድ ሰው መልሱን ይጽፍለታል። የቢሮ ሠራተኛ አንድ ነገር በተሳሳተ መንገድ ቢተረጉም ስሕተቱ በእርሱ ጠረጴዛ በኩል ባለፈው ፋይል ላይ ይቀራል። ፕሮግራም ጸሐፊው በተሳሳተ መንገድ ቢተረጉም ግን ስሕተቱ በአንድ ሌሊት በአገሪቱ ፋይሎች ሁሉ ላይ ይጻፋል።

ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው

«ከመቼ እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ የባሰ ነው። የሰው ኑሮ አይቆምማ! ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል፣ ልጁ ያድጋል። ጥሩ ሶፍትዌር እያንዳንዱን መረጃ ከቀኑ ጋር ይይዛል፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላውን ሁሉ እንደገና ያሰላል። ደካማው ደግሞ የተለወጠውን ብቻ ነክቶ ሌላውን እንደነበረ ይተወዋል።

በብር እንየው። በ2003ቱ አዋጅ የሟች ባለቤት የጡረታውን 50 ከመቶ፣ ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 ከመቶ ያገኛል፤ የሁሉም ድምር ግን ከመቶ እጅ ማለፍ የለበትም። ጡረታው 3,000 ብር የሆነ ሰው ሚስትና ሦስት ልጆች ትቶ አረፈ እንበል። ሚስት 1,500፣ ልጆች እያንዳንዳቸው 600፣ ድምሩ 3,300 ይመጣል። 300 ብር ስላለፈ ከየድርሻቸው በተመጣጣኝ ይቀነሳል። ሚስት 1,363.64፣ ልጆቹ 545.45 እያንዳንዳቸው ይደርሳቸዋል።

ትልቁ ልጅ 18 ዓመት ሞላውና ወጣ። አሁን የቀሩት ድርሻዎች 50 እና ሁለት ጊዜ 20፣ ማለትም 90 ከመቶ ናቸው። ጣሪያውን ስለማያልፉ ቅነሳው መነሣት አለበት፤ ሚስት ወደ 1,500፣ ልጆቹ ወደ 600 ይመለሳሉ፤ ድምሩ 2,700 ይሆናል። ሶፍትዌሩ ልጁን ብቻ አውጥቶ ሌሎቹን በተቀነሰው ሒሳብ ቢተዋቸው ግን ቤተሰቡ የሚያገኘው ወደ 2,455 ብር ነው። በወር 245 ብር፣ በዓመት ወደ 2,940 ብር ጠፋ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ጉቦ አልበላም። አንድ መስመር ሳይጻፍ ስለቀረ ብቻ ነው። ባልቴቷስ ይህን በምን ታውቃለች? ባንክ ሄዳ የተሰጣትን ተቀብላ ትመለሳለች።

አውስትራሊያ ምን ሆነች?

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፤ ፈረንጆቹ ዘንድ ማሽኑ አይሳሳትም» የሚል ካለ ነገሩ ወዲህ ነው።

በአውስትራሊያ ሥራ የሌለው ወይም ገቢው ያነሰ ሰው የሚያገኘው ድጎማ የሚሰላው በየሁለት ሳምንቱ ባገኘው ገቢ ነው። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ዘንድ ያለው ግን የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተሞክሮ በ2016 በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው፣ ሕዝቡ «ሮቦዴት» ብሎ የጠራው አሠራር የዓመቱን ገቢ ወስዶ ለ26 አካፈለው። ከዚያም ሰውየው በየሁለት ሳምንቱ ካስመዘገበው ጋር አስተያየው። ልዩነት ካገኘ «ዕዳ አለብህ» የሚል ደብዳቤ ላከ።

አንድ ተማሪ በግማሹ ዓመት ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ 2,000 ዶላር አገኘ እንበል። ለ13 ጊዜ ሲከፈለው 26,000 ይሆናል። በሌላው ግማሽ ዓመት ሥራ አጥቶ ድጎማ ወሰደ፤ ገቢው ዜሮ መሆኑንም በሐቅ አስመዘገበ። ማሽኑ 26,000ውን ለ26 ሲያካፍለው 1,000 አገኘ። «ሥራ የለኝም ባልክባቸው ጊዜያት ሁሉ 1,000 ዶላር ደብቀሃል» አለው። ልጁ ውሸታም ካልሆነ ከዓመታት በፊት የነበረውን የደመወዝ ወረቀት ፈልጎ ያምጣ ተባለ። ቀድሞ መንግሥት ራሱ ከቀጣሪው ያጣራ የነበረውን የማስረዳት ሸክም በድሃው ላይ ጣለው።

ቀድሞ በሰው እጅ በዓመት ወደ 20,000 የነበረው ማጣራት በማሽኑ በሳምንት 20,000 ደረሰ። መጨረሻው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በዚህ ስሌት ላይ ብቻ የቆመ ዕዳ ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው አወጀ። በ2020 መንግሥት ወደ 470,000 የሚጠጉ ዕዳዎችን ሰርዞ 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት፣ የተሰረዘውም የተመለሰውም ካሳውም ተደምሮ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በሐምሌ 2023 በካትሪን ሆምስ የተመራው ልዩ አጣሪ ኮሚሽን አሠራሩ ፍትሐዊም ሕጋዊም እንዳልነበረ በሪፖርቱ አሳወቀ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የተጀመረ ነገር ነበር እኮ! የሁሉ መነሻ «ለ26 አካፍል» የምትል አንዲት የስሌት መስመር ናት። ያቺን መስመር ምክር ቤት አላጸደቃትም፤ አዋጅም አላዘዛትም።

ካናዳና ሆላንድ

በካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ሕጉ ላይ ችግር የለም። ወደ 900,000 ለሚጠጉ ሰዎች ድጋፍ የሚያሰላውን አሮጌ ሥርዓት ለመተካት «ኩራም» የተባለውን ታዋቂ የፋይል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መረጡ። ኩራም መሠረቱ የአየርላንድ ኩባንያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2011 አይ.ቢ.ኤም. የገዛው ነው። ዕቃው የታወቀ ነው፤ ገንዘቡም አልጠፋም። ነገር ግን ሥርዓቱ በኅዳር 2014 ሥራ የጀመረው ፍተሻው በወጉ ሳይጠናቀቅና ጉድለት እንዳለበት እየታወቀ ነበር።

የክፍለ ሀገሩ ዋና ኦዲተር በ2015 ባወጣው ሪፖርት ወጪው ከተያዘለት 202 ሚሊዮን ወደ 290 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መድረሱን፣ የስሌት ስሕተቱም ወደ 140 ሚሊዮን መሆኑን ገለጠ። ከዚህም 89 ሚሊዮኑ ከሚገባ በላይ፣ 51 ሚሊዮኑ ከሚገባ በታች የተሰላ ነው። ማሽኑ ለአንዱ ሲያተርፍ ከሌላው ይነጥቅ ነበር ማለት ነው። የቢሮ ሠራተኞቹም ማሽኑ ያበላሸውን በእጃቸው ሲያርሙ ባለጉዳይ ደጅ ጸና።

ሆላንድ ደግሞ ሦስተኛውን ትምህርት ትሰጠናለች። እዚያ የልጆች መዋያ ድጎማ የሚያገኙ ወላጆች ከወጪው የራሳቸውን ድርሻ መክፈል ነበረባቸው። ጥቂት ቢጎድልባቸው ወይም አንድ ወረቀት ቢያጡ የጎደለው ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ድጎማ በሙሉ ይጠየቁ ነበር። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በማይችሉት ዕዳ ተዘፈቁ። ከዚያም አልፎ ማመልከቻዎችን በአደጋ ደረጃ የሚለየው አሠራር ዜግነትን እንደ መለያ መጠቀሙ ታወቀ፤ የአገሪቱ የግል መረጃ ጠባቂ ባለሥልጣን በ2021 የግብር መሥሪያ ቤቱን 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በዚህ ጉዳይ የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ካቢኔ እ.ኤ.አ. በጥር 15 ቀን 2021 በገዛ ፈቃዱ ሥልጣን ለቀቀ። መንግሥትን የሚጥለው ጦር ብቻ ነው ያለው ማነው?

ሦስቱን አንድ ላይ እንያቸው። አውስትራሊያ ሕግ ያላዘዘውን ደንብ ጻፈች። ኦንታርዮ ደንቡን ሳትፈትን ሥራ ላይ አዋለች። ሆላንድ ጨካኝ ደንብ ጽፋ የሚያቆመው ሰው አላስቀመጠችም።

ወደ ቤታችን እንመለስ

የኛስ? የኛ ጉዳይ ከእነዚህ የሚብስበት ምክንያት አለው። ከውጭ የሚገዛ ሶፍትዌር የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ እኛ 13 አለን። ጳጉሜን 3 ቀን የተቀጠረ ሠራተኛ አገልግሎቱ የሚቆጠረው ከየትኛው ወር ነው? ጳጉሜን ወር ነው ወይስ የነሐሴ ጭራ? በቢሮ ያለ ሰው ይህን ሳያስብበት ያልፈዋል። ማሽኑ ግን ይጠይቃል፤ ካልተነገረውም የራሱን ያደርጋል።

የልደት ዘመንም እንዲሁ። ፎርሙ ላይ «1960» ተብሎ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? ሠራተኛው በኛ አቆጣጠር 1960 የተወለደ ሆኖ ማሽኑ በፈረንጅ ከወሰደው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት በጡረታ ሊያሰናብተው ነው። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ 60 ዓመት የሞላውን ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስጠብቀው ነው። አንድ «ዓ.ም.» ወይም አንድ «እ.ኤ.አ.» ስላልተጻፈ!

ስማችንም ለማሽን አይመችም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባታችንና አያታችንን እናስከትላለን። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ይለዋል። «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሦስት ድርጅት ውስጥ በሦስት አጻጻፍ የተመዘገበ ሠራተኛ ጡረታው ላይ ሲደርስ እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ያገለገሉ ሦስት ሰዎች ሆኖ ቢገኝስ? አንዳቸውም 10 ዓመት አልሞሉም!

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ይህን የስም ጣጣ ሊያቃልል ይችላል። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ይኖረዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልብ ይሏል፤ መታወቂያ «ይህ ሰው ማነው?» የሚለውን እንጂ «ለዚህ ሰው ስንት ይገባዋል?» የሚለውን አይመልስም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የጎደለው ወር ነው። የግል ድርጅት አሠሪ 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጣሉ፤ ሁለቱንም ሰብስቦ ገቢ የሚያደርገው አሠሪው ነው። አሠሪው ከሠራተኛው ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ቢቀር በማሽኑ መዝገብ ላይ የሚታየው ባዶ ወር ነው። ያ ባዶ ወር ምን ይባል? «አላገለገለም» ወይስ «አገልግሏል፣ አልተከፈለለትም»? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚበላው እንጀራ ነው። ሠራተኛው የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ ተቆርጦብኛል ካለ፣ ወሩ ለእርሱ ይቆጠርለት፤ ዕዳው ከአሠሪው ይፈለግ። ይህ ለአንዳንድ አሠሪ እንደማይጥመው እናውቃለን። ነገር ግን የተቆረጠበትን ሰው ላም አለኝ በሰማይ ማሰኘት ንግድ አይደለም።

ለነጋዴው ምኑ ነው?

«እኔ ጡረተኛ አይደለሁ፤ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ሦስት ምክንያት እንስጠው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ ከእርሱ ነው የሚወጣው። ከመቶ ብር ደመወዝ 11 ብሩን ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰላ የመጠየቅ መብት አለው።

ሁለተኛ፣ ለሠራተኛው የሚያሰላው ማሽን ለአሠሪውም ውዝፍ ያሰላል። የወቅት ሥራ ያለበትን ድርጅት እናስብ። ሰሊጥ በሚበጠርባቸው አራት ወራት 40 ሠራተኛ፣ በቀሩት ስምንት ወራት 10 ሠራተኛ አለው። የወሩን ዝርዝር ትቶ በዓመት አማካይ የሚሠራ ማሽን ይህን ድርጅት «የ20 ሠራተኛ ድርጅት» ይለዋል። በስምንቱ ወራት የ10 ሰው መዋጮ ብቻ አስገባህ፣ የ10 ሰው ውዝፍ ከነቅጣቱ ክፈል ይለዋል። የአውስትራሊያው ተማሪ የደረሰበት ዕጣ በነጋዴው ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነጋዴው ራሱ ወረቀት ፍለጋ መጋዘን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የሚጫረት አለ። ሶፍትዌር ማቅረብ ጥሩ ገበያ ነው። ነገር ግን ደንቡ ሳይጻፍ የሚፈረም ውል ለገዢውም ለሻጩም ወጥመድ ነው። ገዢው «ይህን ነው ያዘዝኩት» ይላል፤ ሻጩ «ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ይከፈለኝ» ይላል። የኦንታርዮ ወጪ ከ202 ወደ 290 ሚሊዮን ማሻቀቡን አንርሳ።

ማሽኑ ይቅር ማለታችን ነውን?

አይደለም! የወረቀቱን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ያልኖረበት ነው። ፋይል ጠፍቷል እየተባለ ነገ ተመለስ፣ ማክሰኞ ና ሲባል የከረመ ስንቱ ነው። ፋይሉን ለማስገኘት ሻይ የሚያጠጣና የማያጠጣ እኩል አይስተናገድም ነበር። ማሽኑ ዘመድ አያውቅም፤ ሁሉን በአንድ ደንብ ያያል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እንዲያውም ደንቡ በግልጽ ከተጻፈ ባለጉዳዩ «በየትኛው አንቀጽ ይህን አገኘሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘመን ሊመጣ ይችላል። በመዝገብ ቤት ዘመን ይህ የማይታሰብ ነበር።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ማሽኑ ትክክለኛውንም ስሕተተኛውንም ደንብ በእኩል ታማኝነት ይፈጽማል። ስለዚህ መጠንቀቅ ያለብን ማሽኑን ሳይሆን ደንቡን ነው። ኋላ ኮምፒውተሩን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ምክራችን አምስት ነው፤ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ደንቦቹ ሁሉ በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች፣ በሰንጠረዥና በምሳሌ ይጻፉ። እያንዳንዱ ደንብ ከጎኑ የተመሠረተበት የአዋጅ ወይም የመመሪያ አንቀጽ ይኑረው። አንቀጽ የማይገኝለት ደንብ ካለ ወደ ማሽኑ አይግባ፤ በመጀመሪያ ሥልጣን ያለው አካል ይወስንበት። «ለ26 አካፍል» የምትለዋ መስመር በዚህች በር ማለፍ አትችልም ነበር።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ደንብ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ሲለወጥ እንደታየው ሕግ ይለወጣል፤ በአሮጌው ሕግ ዘመን የተፈጠረ መብት ግን ካለ ለማስላት አሮጌው ደንብ ከነቀኑ መገኘት አለበት። አዲሱን በአሮጌው ላይ የሚጽፍ ሶፍትዌር ታሪክን ይሰርዛል። ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሰው እጅ የተሰሉ እውነተኛ ፋይሎች፣ ቀላሎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጠማማዎቹ ተመርጠው በማሽኑ ይሰሉ። ሦስት ልጅ ያለው፣ ሁለት ጊዜ ያገባ፣ አራት ቦታ የሠራ፣ ጳጉሜን የተቀጠረ። ውጤቱ ሳንቲም በሳንቲም እስኪገጥም ድረስ ማንም ሪባን አይቁረጥ።

አራተኛ፣ መረጃ ሲጎድል ማሽኑ በግምት አይሙላ። ወደ ሰው ይምራው። «ዕዳ አለብህ» የሚል ወይም ክፍያ የሚያቋርጥ ውሳኔ ሰው ሳያየውና ሳይፈርምበት አይውጣ። የማስረዳት ሸክሙም መዝገቡን በሚይዘው ላይ ይሁን።

አምስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ስሌቱን የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠው። ይህን ያህል ዓመት፣ በዚህ አማካይ ደመወዝ፣ በዚህ መቶኛ፣ ስለዚህ ይህን ያህል ብር፤ ቅር ካለህ በዚህ ቀን ውስጥ ለዚህ አካል አመልክት የሚል። ለአሠሪውም በየዓመቱ የሠራተኞቹ ወራት ዝርዝር ይላክለት፤ ጉድለት ካለ ሰዎቹ በሥራ ላይ እያሉ ይታረም። ከ20 ዓመት በኋላ የተዘጋ ድርጅት መዝገብ ከየት ይመጣል?

ነጋዴዎቻችንና የንግድ ምክር ቤቶቻችን ይህን ጥያቄ አሁን፣ ሚዛኑ ገና በሚሠራበት ጊዜ ቢያነሱት ይሰማሉ። እስከዚያው ግን ከእያንዳንዱ አሠሪ እጅ ያለ ሥራ አለ። የሠራተኞቻችሁን ስም፣ የተወለዱበትን ዘመንና የተቀጠሩበትን ቀን መታወቂያቸው ላይ ካለው ጋር ዛሬ አስተያዩ፤ አቆጣጠሩን ከጎኑ ጻፉበት፤ ያስገባችሁበትን የየወሩን ደረሰኝ አትጣሉ። ማሽኑ በመጣ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።